ደህና ስትመስልም ቀጠሮዋን አታስቀር

ልጄ፣ ሐኪሙ ስለ ትንሿ ልጅህ «የደም ካንሰር ነው» ካለህ ወዲህ እህል በአፍህ እንደማይዞር አውቃለሁ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሮሃል። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ውጭ አገር ይላል፣ አንዱ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ በሕፃናት ክፍል በነርስነት ያረጀሁ ሴት ነኝ። ከልጃቸው አልጋ ሥር የሚያድሩ ብዙ አባቶችና እናቶች አይቻለሁ። እስቲ ቀስ ብለህ ስማኝ። የምልህን ሁሉ ዛሬ መያዝ የለብህም። አንዷን ነገር ግን ከዛሬ ጀምረህ ያዝልኝ፤ የተጀመረውን ሕክምና እስከ መጨረሻው አስጨርሳት።

«ማን ልጁን እያየ ሕክምና ያቋርጣል?» ትለኝ ይሆናል። ዛሬማ ማንም አያቋርጥም። ዛሬ ልጅህ ገርጥታለች። ትኩሳት አላት፣ ድዷ ይደማል፣ «እግሬን» እያለች ታለቅሳለች። ዛሬ ቢጎትቱህ ከሆስፒታሉ አትወጣም። እኔ የምሰጋልህ ስለ ዛሬ አይደለም። የምሰጋልህ ከወር በኋላ ስለሚመጣው ደህና ቀን ነው።

ነገሩን ላስረዳህ። የልጅህ ሕመም የተነሣው ደም ከሚሠራበት ከአጥንቷ መቅኔ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሳይበስሉ እየተባዙ ቦታውን ሁሉ ያዙት። ቀዩ ደም ቦታ ሲያጣ ትገረጣለች፣ ትደክማለች። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ሲያንስ ትነስራለች፣ ሰውነቷ ይበልዛል። በሽታ የሚከላከለው ጤነኛ ነጭ ሴል ሲያንስ ትኩሳቱ አይለቃትም። የመጀመሪያው ዙር መድኃኒት 4 ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአብዛኞቹ ልጆች መቅኔ ይጠራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክፉው ሴል አይገኝም። ያኔ ልጅህ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ በኮሪደሩ ትሮጣለች። አያቷ በስልክ እልል ትላለች። ያኔ ነው፣ ልጄ፣ ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ሸክፎ አገሩ የሚገባው።

ግን በሽታው አልጠፋም። ማይክሮስኮፕ የማያገኘው ብዙ ሴል ተደብቆ ቀርቷል። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ ሰርዶን ታውቀዋለህ። ላዩን አጭደህ ሥሩን ከተውከው በክረምቱ ከፊተኛው ብሶ ይመጣል። ይህም እንደዚያ ነው። ሲመለስ ደግሞ የፊተኛው መድኃኒት ላይመልሰው ይችላል። ለዚህ ነው ሕክምናው 2 ዓመት፣ ሲረዝምም 3 ዓመት የሚወስደው። ሐኪሞቹ እያጓተቱህ አይደለም።

ይህን ዕውቀት ዓለም ያገኘው በብዙ ሕፃናት ሞት ነው። ድሮ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ በየትም አገር ቢሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ሐኪም አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ለሕፃናት ሰጥቶ ደማቸው ሲጠራ ማየቱን ለዓለም አሳወቀ። የሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ልጆች ተነሥተው ተጫወቱ። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በሽታው ተመለሰባቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በዚያው አገር ሜምፊስ በምትባል ከተማ በሚገኘው በሴንት ጁድ ሆስፒታል ሐኪሙ ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ ሰጡ። በሽታው የሚደበቅበትን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ጭምር አከሙ። ልጆቹ ደህና ከመሰሉ በኋላም ለዓመታት ቀጠሉ። ያን ጊዜ ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ልዩነቱን ካመጡት አንዱ አለማቆም ነበር።

ዛሬ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። ይህ ልብ ይሰብራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ዕቅድ አወጣ፤ በ2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ ከ100 ልጆች 60 እንዲድኑ። እኛን ወደ ኋላ ያስቀረን ብዙ ነገር ነው። በሽታው ዘግይቶ ይታወቃል፣ መድኃኒት ይጠፋል፣ ሐኪም ያንሳል። ከነዚህ አንዱንም አንተ ልታስተካክል አትችልም። ማቋረጥ ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። እርሱ በአንተ እጅ ነው። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምልህ።

ለምን እንደሚያቋርጡ አውቃለሁ። ሰው ልጁን ጠልቶ አይደለም። ገንዘብ ያልቃል። አጨዳ ይደርሳል። እቤት የቀሩት ልጆች ያሳዝናሉ። አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ የለም። እናት በኮሪደር ተኝታ ወገቧ ይሰበራል። አንድ ቀጠሮ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ማፈር ይመጣል። በማፈር ሁለተኛው ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ይነጉዳሉ። አደራህን፣ እጅህ ባዶ ሲሆን ዝም ብለህ አትሂድ። ከመሄድህ በፊት ለነርሷ ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛው ንገር። «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ማለት ነውር አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆንክ መታወቂያህን አሳድስ፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የተጻፈልህን የሪፈር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ። ያች ወረቀት ብዙ ብር ናት።

ደግሞም በዚህ መንገድ የሄድከው አንተ ብቻ አይደለህም። ማቲዎስ ወንዱ የሚባል ሕፃን ነበር። በደም ካንሰር አረፈ። ወላጆቹ ኀዘናቸውን ታቅፈው አልተቀመጡም፤ በልጃቸው ስም የካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ። ተስፋ አዲስ የሚባለውንም የሕፃናት ካንሰር ድርጅት ያቆሙት ልጆቻቸው የታመሙባቸው ወላጆች ናቸው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ማደሪያ ይሰጣሉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስትደርስ ጠይቅ። በጎንደር፣ በጅማና በመቀሌም የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ተጀምሯልና፣ ከአገርህ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ፣ ከሕክምናው ከፊሉ እዚያ መቀጠል ይችል እንደሆነ ሐኪሙን አማክረው። ሌሎቹን ወላጆች ደግሞ ተጠጋቸው። ከጎንህ አልጋ ያለው የሌላው ልጅ አባት እኔ ከምነግርህ የበለጠ ይነግርሃል።

ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ከባድ ነው፤ አልዋሽህም። ጸጉሯ ይረግፋል፤ ግን ተመልሶ ይበቅላል። አፏ ይቆስላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ኪኒን ስትወስድ ፊቷ ያብጣል፣ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ስጡኝ ትላለች፣ ያለ ምክንያት ትቆጣለች። ባህሪዋ ተበላሸ ብለህ አትዘን። መድኃኒቱ ነው፤ ያልፋል። በገዛ እጅህ ግን እንዳታቆመው፤ እርሱን በድንገት ማቆም ራሱ ያሳምማል። ከጀርባዋ በመርፌ ፈሳሽ ሲቀዱና መድኃኒት ሲሰጧት «ሽባ ያደርጋታል» የሚል ወሬ ትሰማለህ። ብዙ አባት በዚህ ወሬ ፈርቶ ልጁን ይዞ ወጥቷል። ልጄ፣ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎል በደንብ አያልፍም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል መስጠት ግድ ይላል። የፈራኸውን ነገር ሐኪሙን ጠይቀው። ወሬ ነጋሪውን አትጠይቅ።

ትኩሳትን በተመለከተ የምነግርህን እንደ ሕግ ያዘው። ቴርሞሜትር ግዛ። ሲያተኩሳት ለካ። 38 ዲግሪ ከደረሰች ሌሊትም ይሁን፣ በዓልም ይሁን፣ ዝናብም ይሁን ተነሥና ወደ ሆስፒታል ሂድ። ፓራሲታሞል አጉርሰህ «ይነጋል» ብለህ አትተኛ። የእርሷ ደም ዛሬ የሚከላከል ወታደር የለውም፤ በሰዓታት ውስጥ ኢንፌክሽኑ ሊገድላት ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ «ኬሞ ላይ ያለች ልጅ ናት» በል። ይህን ቃል አስቀድም። ውሃዋን አፍላ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አታቅምሳት። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አጠገቧ ከነበረ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገር። ሳትጠይቅም አታስከትባት።

ጠያቂ ደግሞ አለ። የእኛ ሰው ደግ ነው፤ የታመመ ሳይጠይቅ አያድርም። ሃያ ሰው ገብቶ፣ እጇን ይዞ፣ ግንባሯን ስሞ፣ አንዱም እያስነጠሰ ይወጣል። ይህ ለእርሷ አደጋ ነው። አንተ አክብረህ በር ላይ አስቁማቸው። «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በል፤ አይቀየሙህም። የሚረዱህን ነገር ንገራቸው። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው ብርቱካን ይዞ የሚመጣው። ደም ይስጡ። ዕድሜው ከ18 ያላነሰ፣ ጤነኛና 45 ኪሎ የሞላ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት ይችላል። ልጅህ ቀይ ደምም ፕላትሌትም ያስፈልጋታል፤ ፕላትሌት ደግሞ ከተቀዳ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። እድራችሁንም ጠይቅ። እድር ለቀብር ብቻ ለምን ይሆናል? ለአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ ሰብል ለሚሰበስብልህ ሰው፣ እቤት ለቀሩት ልጆች እንጀራ ለምትጋግር ሴት ቢያዋጣ ከድንኳኑ የተሻለ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ስለ ጸበል ልንገርህ። እኔ አማኝ ነኝ። እምነትህን ተው አልልህም፤ በጨነቀህ ጊዜ ከእግዚአብሔር ሌላ ማንን ትጠራለህ? ግን ጸበሉ መድኃኒቱን አያስተውህ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል።  አንተም ቄሱን አማክር፤ ልጅቷ ምን ሕክምና ላይ እንዳለች በግልጽ ንገራቸው። የነጭ ደም ሴሏ በወረደበት ሳምንት ሰው በተጨናነቀበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጾም አታንገላታት። ጸሎቱ እርሷ ወዳለችበት ይምጣ። «ቡዳ በላት፣ ዓይን ነው፣ ከእናቷ ዘር ነው» የሚልህን ደግሞ አትስማ። ይህ በሽታ አይተላለፍም። እናቷ ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር አላመጣውም። በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ፣ ባለቤትህ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ልጅህ ገና 4 ዓመቷ ነው፤ ምንም አታውቅም ትላለህ። ታውቃለች። ፊትህን ታነባለች፣ ሹክሹክታህን ትሰማለች። ካልነገርካት ከእውነቱ የባሰ ነገር በልቧ ትፈጥራለች። «ደምሽ ታሟል፣ መድኃኒቱ እስኪያድነው ድረስ እንመላለሳለን፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ» በላት። ይህ ይበቃታል። መርፌ ካለ «የለም» አትበላት። አንድ ጊዜ ከዋሸሃት በኋላ እውነቱን ብትናገርም አታምንህም። «ትንሽ ያምማል፣ እስከ አሥር እንቆጥራለን፣ ከዚያ ያልቃል» በላትና እቅፍህ ውስጥ አድርጋት። ደግሞ እኛ አገር አንድ ክፉ ልማድ አለ። ልጅ አልበላ ሲል «ሐኪሙን ልጥራልህ፣ መርፌ ይውጋህ» እንላለን። ይህን በእርሷ ላይ በፍጹም አታድርግ። ሐኪሙን የሚፈራ ልጅ 2 ዓመት ሙሉ እንዴት ይታከማል? ለነርሶቹም ስማቸውን እየጠራች ሰላም እንድትላቸው አስተምራት። ሲያማት ዝም በይ አትበላት። ሕመሟን ለሐኪም ንገር፤ ለሕመም ማስታገሻ አለ፣ ሞርፊንም ቢሆን በሐኪም ሲሰጥ አያስፈራም።

ስለታመመች ብለህ ማሳደግህን አታቁም። የፈለገችውን ሁሉ የምትሰጣት፣ ስትማታም የምትስቅላት ከሆነ፣ ልጅቷ «ልሞት ነው መሰለኝ» ብላ ትፈራለች። ትናንት ነውር የነበረው ዛሬም ነውር ይሁን። ተረት ንገራት፣ ፊደል አስቆጥራት። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነገ እንዳለ ያውቃል።

ወንድሟን አትርሳ። አክስቱ ዘንድ ጥላችሁት መጥታችኋል። እርሱም ልጅ ነው። «እኔ ስለገፋኋት ነው የታመመችው» ብሎ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። በስልክ አነጋግረው። እርሱ እንዳላሳመማት፣ ከእርሷም እንደማይተላለፍበት ንገረው። ስለ ትምህርቱ ጠይቀው። ስለ እርሷ ብቻ አታውራው። የታመመውን ልጅ አስታምመህ ጤነኛው ከእጅህ ቢወጣ ምን ይረባሃል?

ስለ ባለቤትህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሕፃናት ክፍል ያየሁት አንድ ነገር አለ። እናት ወር ሙሉ ከአልጋው ሥር ናት፤ አባት ደግሞ በሳምንት አንዴ ብር ይዞ ብቅ ይላል። ሥራ እንዳለብህ አውቃለሁ፤ ብሩ ከየት ይመጣል? ግን ማስታመም የእናት ብቻ አይደለም። አንተም መድኃኒቱን በስሙና በሰዓቱ ዕወቅ። ደብተር ግዛ፤ የተሰጣትን፣ የተቀጠረችበትን፣ የደም ምርመራውን ውጤት ጻፍ። ሐኪሙ ሲያስረዳ ሁለታችሁም ስሙ። ብቻዋን የሰማች እናት ብቻዋን ትወስናለች፤ ብቻዋን ትወቀሳለች። ተራ ግቡ። አንዳችሁ ሲወድቅ ሌላችሁ ይቆማል። የታመመ ልጅ ያፋታቸውን ቤቶች አይቻለሁ፤ በአንድ ላይ የቆሙትንም አይቻለሁ። አንተ ከቆሙት መሆን ትችላለህ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብርቱው ኬሞ ያልቅና ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ያኔ በየማታው የሚወሰድ መርካፕቶፑሪን፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን ይኖራል። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ለሰው ቀላል ይመስላል። ነርስ የለም፣ መርፌ የለም፣ ልጅቷም ትሮጣለች። ማን ያየኛል ተብሎ አንድ ማታ ይዘለላል። ስማኝ ልጄ፤ ከ100 ኪኒን ከ5 በላይ የሚያጓድሉ ልጆች በሽታው የሚመለስባቸው አደጋ ከእጥፍ በላይ መሆኑ በጥናት ታይቷል። አምስት ኪኒን ምንም አትመስልም። በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ ይሰጣት። በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈልግ፤ ባለቀበት ቀን መፈለግ አትጀምር።

ሁሉም ልጅ አይድንም። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ወዳጅህ አይደለሁም። ያ ቀን ከመጣ ሐኪሙ እውነቱን እንዲነግርህ ጠይቀው፤ ልጅህም ሳትሠቃይ፣ በእናት በአባቷ መካከል እንድትሆን አድርግ። ያን ጊዜም አብሮ መሆን ሕክምና ነው። አሁን ግን በዚያ ፍርሃት አትኑር። አሁን የሚታከም ሕመም፣ የተጀመረ መድኃኒት፣ የተቆረጠ ቀጠሮ አለህ። አንተ ከዚህ ያነሰ ሸክም ጥለህ የምትሄድ ሰው አይደለህም።

የመጨረሻው ኪኒን ካለቀ በኋላም ለዓመታት ክትትል አለ፤ እርሱንም አታስቀር። በል አሁን ተነሥ፣ ደብተሩን ግዛና ና። ባለቤትህ ገላዋን ትታጠብ፣ ትንሽ ትተኛ። ዛሬ ማታ አስታማሚው አንተ ሁን።